መስታወት የለመደ እግር

ባለቤቴን በሰፈሩ ውስጥ በስሙ የሚጠራው የለም። «ጋሽ መስታወት» ነው የሚሉት። ከእኛ በር ጀምሮ እስከ ትልቁ መንገድ ድረስ ያለው መስኮት ሁሉ ማለት ይቻላል በእሱ እጅ ተለክቶ፣ በእሱ እጅ ተቆርጦ የገባ ነው። ኳስ የሚጫወቱ ልጆች የሰው መስኮት ሲሰብሩ መጀመሪያ የሚሮጡት ወደ እሱ ነው። «ጋሽ መስታወት፣ እማዬ ሳትመጣ ድረስልን!» እሱም ሥራውን ጥሎ ይደርስላቸዋል። እኔ ስቆጣ፣ «ተይ እንጂ፣ ደንበኞቼ እኮ ናቸው» ይለኛል።

እኔ ሚስቱ ነኝ። ምላሷ ረጅም ነው ይሉኛል፤ ይበሉ። ዝምተኛ ባል ያገባች ሴት የሁለት ሰው መናገር አለባት፤ አለዚያ ቤቱ ሰው ያለበትም አይመስልም።

ሥራ ቤቱ ከቤታችን ሥር ነው። አሮጌ ምንጣፍ የለበሰ ረጅም ጠረጴዛ አለው፤ መስታወቱ እዚያ ላይ ይጋደማል። መቁረጫውን ላምባ ውስጥ ነከር ያደርግና አንዴ «ጭርር» ያሰኘዋል። ከዚያ ከሥር መታ ሲያደርገው መስታወቱ በመስመሩ ላይ ቀጭ ብሎ ይለያል። ይህን ያህል ዘመን አይቼው እስከ ዛሬ አልሰለቸኝም። አንዴ ያወጣውን መስመር አይደግመውም፤ የደገመ ሰው መስታወቱን ያበላሻል ይላል። ስለዚህ ከመቁረጡ በፊት ይቆማል፣ ያያል፣ ይተነፍሳል። ምሳ ቀርቦ እየቀዘቀዘ እንኳን ይተነፍሳል!

መኪናችንን «አሮጊቷ» ነው የምንላት። የገዛናት የመጨረሻዋ ልጃችን ትምህርት ቤት ስትገባ ነው፤ ያኔም አዲስ አልነበረችም። ያቺ ልጅ አሁን አግብታ የራሷን ልጅ ትምህርት ቤት ታደርሳለች። የአሮጊቷ ጣሪያ ላይ ባለቤቴ ራሱ የሠራው፣ ብርድ ልብስ የተጠቀለለበት የእንጨት መደገፊያ አለ፤ መስታወቱ እዚያ ላይ ቆሞ ነው የሚጓዘው። ባዶዋን ሲነዳት እንደ ማንኛውም ሰው ነው፤ እንዲያውም ጎረምሳነቱ ትዝ ይለዋል መሰለኝ ያበርራታል። መስታወት ከጫነ ግን ሌላ ሰው ይሆናል። ሜዳ መንገድ ላይ ከገባ ነዳጁን አንድ ቦታ ረግጦ ይይዛል፤ አይጨምርም፣ አይቀንስም። ከኋላው ጥሩምባ ይነፉበታል። «የቸኮለ ይለፍ» ነው መልሱ። አንድ ቀን፣ «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባላል፤ ከአንተ ጋር ግን እንቁላሉ ቀድሞን ይገባል» አልኩት። ከት ብሎ ሳቀ፤ እግሩ ግን ከነበረበት አልተነሳም። መንገድ ላይ መስታወት ተሰብሮበት አያውቅም። ጉራ የማያውቅ ሰው ይህን ሲናገር ብቻ ደረቱን ነፋ ያደርጋል።

እንግዲህ የዚህን ሰው ቁልፍ ነው ወንዱ ልጄ የቀማው።

ነገሩ የጀመረው ክረምቱ ሲወጣ ነው። ባለቤቴ የሱቅ መስታወት ጭኖ ሲሄድ ዳሽቦርዱ ላይ ቢጫ መብራት ቦግ አለና አሮጊቷ ጉልበቷ ከዳት። ሞተሩ አልጠፋም፤ ነዳጅ ቢረግጥ ቢረግጥ ግን አልሰማም አለች። እያነከሰች፣ እየተጎተተች ዳር ያዘች። አጥፍቶ ትንሽ ቆይቶ ሲያስነሳት፣ እኔን ነው እንዴ ያልከው በሚል ዓይነት ተፈትልካ ሄደች። ከዚያ ወዲያ ልማድ አደረገችው። ሰንበትበት ብላ ታነክሳለች፣ ተነሥታ ትሄዳለች፣ ደግሞ ታነክሳለች። የምታነክሰው ደግሞ ሁልጊዜ መስታወት ስትጭን ነው።

ወደ መካኒኩ ወሰድናት። መካኒካችን «ዶክተር» ነው የሚባለው፤ ነጭ ጋውን ለብሶ ስለሚሠራ። በዚያ ሁሉ ዘይት መሐል ጋውኑ እንዴት ነጭ ሆኖ እንደሚውል ሚስቱን ጠይቁ። ልጄ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል የሚሠራ ነርስ ነውና፣ «የእኛ ቤት ነርሱ ሆስፒታል፣ ዶክተሩ ጋራዥ» እያልኩ እቀልዳለሁ። ዶክተር ጎበዝ መካኒክ ነው። ጎበዝ መሆኑን ከሁሉ ቀድሞ የሚነግራችሁም እሱ ነው።

ኮፈኑን ከፈተ፣ መመርመሪያውን ሰካ፣ ቅንድቡን ሰቀለ። «ስሮትሉ ነው፣ እትዬ» አለኝ። «አየር ወደ ሞተሩ የሚያስገባው በር ማለት ነው። ጥላሸት ይዞታል፣ እንደልቡ አይከፈትም።» ፈቶ አሳየኝ፤ እውነትም እንደ ድስት ቂጥ ጠቁሯል። እየነፋ፣ በጨርቅ እየወለወለ አብለጨለጨውና መልሶ ገጠመው። «ከእንግዲህ እንደ ሙሽራ ነው የምትሄደው» አለ።

ሙሽራዋ በሚቀጥለው መስታወት አነከሰች።

«እንግዲያው ጭነቱ ነው» አለ ዶክተር። ይህን ለመሞከር ከጋራዡ ውስጥ ቦርጫም ቦርጫሙን መረጠ፤ ከጎን ያለውን ሻይ ቤት ባለቤት ሳይቀር ከነሽርጡ ጎትቶ አስገባ፤ ራሱ እየነዳ የሰፈሩን ዳገት ወጣ። ያን ሁሉ ሥጋ ተሸክማ አሮጊቷ እየዘፈነች ወጣችው። «በመስታወት ለምን አትሞክራትም?» ብለው፣ «እትዬ፣ ለሙከራ ብዬ የሰው መስታወት ላድቅቅ?» አለኝ። መቼም እውነት ሲሆን ዝም እላለሁ።

በሦስተኛው ሙከራ ባለቤቴን አስነዳው፣ ከጎኑ ሆኖ፣ ባዶዋን። ሰውዬው እየታየ መሆኑን አውቆ እንደ እሽቅድምድም ሹፌር አከነፋት፤ መቼ ታነክሳለች! ሲመለሱ ዶክተር ራሱን እያከከ ወረደ።

«ጋሼ፣ ቅር እንዳይልዎት» አለ። «መመርመሪያው የሚያወራው ስለ ነዳጅ ፔዳሉ ነው። ፔዳሉን ደግሞ እኔ ከላይ እስከ ታች ረግጬ ለክቼዋለሁ፣ ደህና ነው። ምናልባት... ሲረግጡ እግርዎን ያንቀጠቅጥዎታል?»

ደሜ ፈላ። «የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ! መኪናውን ማዳን ሲያቅትህ ሹፌሩን አሳመምከው?» አልኩት። ዶክተር ሳቀ፣ የጋራዡ ሰው ሁሉ ሳቀ። ባለቤቴ አልሳቀም። ጎንበስ ብሎ እግሩን አየው።

ከዚያ የአደባባዩ ጉድ መጣ። ለአንዲት ፀጉር ሠሪ ግድግዳ የሚያክል መስታወት ጭኖ አደባባይ መሐል ሲደርስ ቢጫው መብራት ቦግ። ከኋላው የነበረ የጭነት መኪና ፍሬኑን ባይቆነጥጥ ኖሮ ዛሬ ይህን በሳቅ አላወራውም። ትራፊኩና መንገደኛው ገፍተው ዳር አወጡት። መስታወቱ ጫፉ እንኳን አልተነካም፤ ወሬው ግን ከእሱ ቀድሞ ቤት ገባ።

ልጄ ማታውኑ አባቱ ፊት ቆመ። «አባዬ፣ በመኪና አደጋ ተጎድቶ በየቀኑ የሚመጣልኝን ሰው አንተ አታይም። መካኒኩ ዶክተርም ስለ እግርህ ጠርጥሯል። ለጊዜው ቁልፉን ስጠኝ» አለ። ልጁ ከልቡ ፈርቷል። እኔ ልጮህ አፌን ስከፍት ባለቤቴ ቁልፉን ከኪሱ አወጣ፣ በሱሪው ጠረገውና ሰጠው።

ከዚያ በኋላ ሰውዬው በሽተኛ ሆነ ልበል? አይደለም፤ ይበላል፣ ይተኛል፣ ይሠራል። ግን አንድ ቀን ሻይ ይዤለት ስወርድ መቁረጫውን አንዴ አስኬደ፣ ቆመ፣ አየው፣ መልሶ እዚያው መስመር ላይ ደገመው። መስታወቱ በማይሆን በኩል ተሰነጠቀ። «ምን ነካህ?» አልኩት። «ምናልባት ልጁ እውነቱን ይሆናል» አለኝ። «ሰው እግሩ ሲከዳው ይታወቀዋል እንዴ? ላይታወቀው ይችላል።» ጎንበስ ብሎ ቁርጥራጩን ጠረገ። መኪናዋ ገደል ትግባ፤ እኔን ያስፈራኝ ሰውዬው ራሱን መጠራጠር መጀመሩ ነው። ዛሬ ቁልፍ ያስረከበ ሰው ነገ መቁረጫውን ያስቀምጣል።

ፀጉር ሠሪዋ ከመስታወቷ ሥር መደርደሪያ የሚሆን ሌላ የመስታወት ቁራጭ አዝዛ ነበር። «እኔ አደርስልሃለሁ፣ አባዬ» አለ ልጄ። ልቡ መልካም ነው፤ አነዳዱን ግን ከማን እንደወረሰው እንጃ፣ ከእኔ ዘመዶች ይሆናል። ሦስታችንም ገባን፤ ልጄ መሪው ላይ፣ ባለቤቴ ከጎኑ፣ እኔ ከኋላ። መንገድ ላይ ብርቱካን ልጬ ለባለቤቴ ላቀብል በመሐላቸው ጎንበስ ስል ሁለት ቀኝ እግሮች አየሁ።

የልጄ እግር እንደ ስፌት መኪና መርገጫ ከፍ ዝቅ፣ ከፍ ዝቅ ይላል። ከላይ መስታወቱ ይንጫጫል። የባለቤቴ እግር ደግሞ ከሥሩ ምንም ፔዳል ሳይኖር ምንጣፉ ላይ ትንሽ ረገጥ እንዳደረገ ቆሟል፤ በሐሳቡ እሱ ነው የሚነዳው። መንገዱ ያነጥረናል፣ ልጁ ፍሬን ይረግጣል፣ ያ እግር ፍንክች የለም። ብርቱካኑን በእጄ እንደያዝኩ ቀረሁ።

አሮጊቷ አላነከሰችም። ስንደርስ ልጄ ዞር ብሎ በሐዘን፣ «አየሽ እማዬ? መስታወት ጭና ምንም አልሆነችም» አለኝ።

«አየሁ» አልኩት።

ወደ ቤት ስንመለስ ነገሩን በሆዴ አገላበጥኩት። መኪናዋ ያችው ናት። መንገዱም ያው፣ ጭነቱም መስታወት። የተለወጠው እግር ብቻ ነው። የባለቤቴ እግር ደግሞ እንደማይንቀጠቀጥ በዓይኔ በብረቱ አየሁ፤ እንዲያውም አልነቃነቅ ይላል። ታዲያ የሚያጣላቸው መንቀጥቀጡ ሳይሆን አለመነቃነቁ ቢሆንስ? ለማንም አልተነፈስኩም። ሲነጋ ነጠላዬን አጣፍቼ ጋራዥ ሄድኩ።

ዶክተር አንድ የጭነት መኪና ሥር ተጋድሞ እግሩ ብቻ ይታያል። ጫማውን ረገጥ አደረግኩት።

«ማነው?» አለ ከሥር።

«እኔ ነኝ፤ ውጣ። ያን ቀን ፔዳሉን ለካሁት ስትል እንዴት ነው የለካኸው?»

ተንሸራቶ ወጣና ተጋድሞ እንዳለ አየኝ። «እንዴት ይሆናል እትዬ፣ ከላይ እስከ ታች ረግጬ።»

«ሽው ብለህ አልፈህ ነዋ። ባለቤቴ መስታወት ጭኖ ሲነዳ ሽው አይልም። አንድ ቦታ ረግጦ እዚያው ይውላል። ስንት ዘመን እዚያችው ቦታ ላይ! ደጃፍ ላይ ያለ ድንጋይ እንኳን ሰው ሲረግጠው ሲረግጠው ይጎደጉዳል። ያንተ ፔዳል ከድንጋይ ይጠነክራል?»

ዶክተር ተነሥቶ እጁን ጠረገ፣ ጋውኑን አራገፈ። «ወይ እኔ! ላም ባልዋለበት ኩበት ስለቅም ከርሜያለሁ!» አለና እየተንጎራደደ ያስረዳኝ ጀመር። ድሮ ፔዳሉን ከሞተሩ ጋር የሚያገናኘው ሽቦ ነበር፤ ይቺ ግን በኤሌክትሪክ ነው የምትሰማው። ፔዳሉ ውስጥ ሁለት ምስክሮች አሉ፤ ሁለቱም እግሩ ምን ያህል እንደረገጠ ለኮምፒውተሩ ይናገራሉ። ቃላቸው ከገጠመ መኪናዋ ትታዘዛለች። ለቅጽበት እንኳን ካልገጠመ ኮምፒውተሩ ይደነግጥና፣ ሰው ከማስጨረስ ቀስ ብለሽ ዳር ውጪ ብሎ ጉልበቷን ይነሣታል። «አንደኛው ምስክር በዚያች ቦታ ብቻ ተበልቶ ከሆነ ማንም ሌላ ሰው ቢነዳት አትታመምም፤ ጋሼ ብቻ ናቸው የሚያገኙት። እኔ እኮ ድሮም ጠርጥሬ ነበር!»

«እሺ፣ ጠርጥረህ ነበር» አልኩት። ምን ላድርግ፣ እፈልገዋለሁ።

አሁን የቀረው መስታወት ጭኖ መሞከር ነው። የማንን መስታወት? የመስታወት ሠሪ ሚስት ሆኜ የወጥ ቤቴ መስኮት ከተሰነጠቀ ጀምሮ ካርቶን ተለጥፎበት ነው የምኖረው። «ነገ፣ ነገ» ሲለኝ የከረመውን ባለቤቴን ያን ቀን በግድ አስቆረጥኩት። ከተሰበረ የራሴ ይሰበር!

ልጄ የሌሊት ተረኛ ነበር፤ ዓይኑ ቀልቶ በሩ ላይ ሲደርስ እጄን ዘረጋሁ። «ቁልፉን አምጣ።»

«ለምን እማዬ?»

«ዘጠኝ ወር ስለተሸከምኩህ።»

ሰጠኝ፤ ግን እኔም አብሬ እሄዳለሁ አለ። ይሂድ። ያስቸገረኝ ባለቤቴ ነው። ቁልፉን ሳቀብለው እጁን ወደኋላ ሰበሰበ። «ተይኝ እባክሽ» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «እግሬ ሆኖ ቢገኝስ?»

«እግርህ ሆኖ ከተገኘ እጮህብሃለሁ፤ ጩኸቴ ለአንተ አዲስ ነው? ግን እንወቀዋ! በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም።»

ቁልፉን ወሰደ። የወጥ ቤቴን መስታወት ጫነ፣ ብርድ ልብሱን አስተካከለ፣ ገመዱን ሁለት ጊዜ ሳበው። ዶክተር መመርመሪያውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ከጎኑ ተቀመጠ፤ እኔና ልጄ ከኋላ።

መጀመሪያ ምንም የለም። በሱቆቹ በኩል አለፍን፣ በድልድዩ አለፍን። ዶክተር ቁጥሩን እያየ ይንሾካሾካል፤ «ፍንክች የለም... ኧረ ፍንክች የለም... ጋሼ፣ ይህ እግር ነው ወይስ ሚዛን?» ከኋላችን ጥሩምባ ተጀመረ። ልጄ ጥፍሩን ይበላል። እኔ በሆዴ፣ አንቺ አሮጊት፣ በሌላው ቀን ስታነክሺ ከርመሽ ዛሬ ጤነኛ ልትሆኚብኝ ነው? እላለሁ። መኪና እንድትበላሽ የተሳለ ሰው ካለ እኔ ነኝ።

ከድልድዩ ወዲያ ያለው ሜዳ መንገድ መሐል ላይ ዶክተር በወንበሩ ላይ ዘለለ። ቢጫው መብራት ቦግ አለ። አሮጊቷ አነከሰች።

«ያዝኩሽ! ያዝኩሽ አንቺ ሌባ!» ዶክተር ዳሽቦርዱን በጡጫው ይደበድባል። እኔ፣ «እሰይ! እሰይ!» እያልኩ አጨበጭባለሁ። ከኋላ ጥሩምባውን ሲነፋ የነበረው ሰው በጎናችን ሲያልፍ ሊሳደብ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ ነበር፤ መኪናቸው ተበላሽቶ የሚጨፍሩ ሰዎች ሲያይ መልሶ ዘጋው።

ልጄ ብቻ አልጮኸም። አንገቱን ወደ ፊት አሰግጎ፣ «እግሩስ?» አለ። «እግሩ ተነቃንቋል?»

«የፀጉር ያህል እንኳን አልተነቃነቀም፣ ነርስ» አለ ዶክተር። «አንደኛው ምስክር ብን ብሎ ጠፍቶ ተመለሰ። ሁለተኛው ከቦታው አልተነሣም። እግራቸው አለት ነው።»

ባለቤቴ ዳር አቁሟት መሪውን እንደያዘ ቀርቷል። «እግሬ አይደለም?» አለ።

«አይደለም ጋሼ።»

«አይደለም?»

«ኧረ አይደለም ተባልክ! በጆሮህ ነው እንዴ ደግሞ የጀመረህ?» አልኩት።

ያኔ ሳቀ። ዝም ብሎ ይጀምርና ትከሻው ይንቀጠቀጣል፣ ቀጥሎ እንባው ይመጣል፤ የእሱ ሳቅ እንዲያ ነው። በእጁ ጀርባ ዓይኑን እየጠረገ፣ «እኔ እኮ የከዳኝ መስሎኝ ነበር» አለ። «የከዳኝ መስሎኝ!» አቅፌው አላውቅም በሰው ፊት፤ ከኋላ ወንበር ላይ ሆኜ አንገቱን አቀፍኩት። ልቤ ቅቤ ጠጣ።

አጥፍቶ አስነሳት፤ እሷም እንደ ልማዷ ደህና ሆና ጋራዥ ድረስ ወሰደችን። ዶክተር ፔዳሉን ከነሣጥኑ ፈትቶ ብርሃን ወዳለበት አወጣው። ውስጡ ጥቁር ቀጭን ሽፋን አለ፤ ከላይ እስከ ታች ጥቁር፣ አንድ ቦታ ላይ ብቻ ምስር የምታክል ነጣ ያለች የተፋቀች ነጥብ። «ይኸው ጋሼ፤ ዕድሜዎን በሙሉ እዚህች ላይ ነው የኖሩት» አለ። ከግቢው ጀርባ ካለው ውዳቂ መኪና ላይ ደህናውን ፈትቶ አመጣና ገጠመው። እየገጠመ ለሻይ ቤቱ ባለቤት ነገሩን ሁሉ እንዴት ብቻውን እንደደረሰበት ይተርክለታል። በትረካው ውስጥ እኔ የለሁም። ይሁንለት፣ መኪናዬን አድኖልኛል።

ልጄ የወጣውን ፔዳል ይዞ ነጯን ነጥብ በአውራ ጣቱ ያሻሻታል። ፊቱ ላይ የሌሊቱ ድካምም፣ ሌላም ነገር አለ። «አባዬ፣ ይቅርታ» አለ። «ሳላጣራ...»

«የፈራኸው ለእኔ ነው» አለው አባቱ። «ለእኔ የሚፈራ ልጅ እግዜር ስለሰጠኝ እቆጣለሁ እንዴ?» ትከሻውን መታ አደረገው። «ይልቅ ግባ፤ እንቅልፍህን አጥተሃል።»

ልጄ የኋላውን በር ከፍቶ ገባ። እኔ ከፊት ተቀመጥኩ። የወጥ ቤቴ መስታወት አሁንም ከላያችን ነው፤ ባለቤቴ ነዳጁን ረገጠና እዚያችው ቦታ ላይ ያዘው። አሮጊቷ ያለ አንዳች ኩርፊያ ትሄዳለች። መብራቱ አልበራም። ድልድዩን አለፍን፣ ሱቆቹን አለፍን። ለልጄ የምለው ነገር ነበረኝና ዞር አልኩ። ያን ሰሞን አባቱ መሪ እንዳይዝ ቁልፍ የቀማው ልጅ ራሱን መስኮቱ ላይ አስደግፎ፣ አፉን ከፍቶ ድብን ያለ እንቅልፍ ተኝቷል።

ባለቤቴን በክርኔ ጎሸም አደረግኩትና በዓይኔ አሳየሁት። በመኪናዋ የኋላ ማያ መስታወት ተመለከተው። ሰፈራችን ገባን። በራችን ሲታየኝ ነጠላዬን ሰብሰብ አደረግኩ። እሱ ግን አልቆመም፤ በሩን በዚያው በዝግታው አለፈው።

«ትንሽ ይተኛ» አለኝ በሹክሹክታ።

«ሰፈሩን ዙር» አልኩት።